ወርቅ አለበት፤ በጥንቃቄ ይያዝ

ልማል። ሳልምል ብጀምር የማያምነኝ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥፋቱም የዘመኑ እንጂ የእኔ አይደለም። እመብርሃንን! ይህ የራሴ መሐላ ነው። ወላሂ! ይህን ደግሞ ከጎረቤቶቼ ተውሼ ነው፤ መካነ ሰላም ውስጥ ወንፊትም መሐላም መዋዋስ ነውር የለውም። ከዚህ በታች በምጽፈው ታሪክ ላይ አንዲት ቃል ብትጎድል እንጂ አንዲት ቃል አልተጨመረችም። ምስክር ካስፈለገ እህቴ ሥርጉት አለች። ሥርጉት ዝምተኛ ናት። ይህን ታሪክ በፊቷ ስምንት ወር ሙሉ ስተርክ አንድም ቀን ቃል አልተነፈሰችም፤ ዝምታ ደግሞ በሕግ ዓይን ከፊርማ አያንስም።

እኔ አስናቀው እባላለሁ። ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የንብረት ክፍሉን በበላይነት መርቻለሁ። በክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሠራተኛ ስላልነበረ የተመራሁትም እኔው ነኝ። በዚያ ዘመን ቀይ ቀለሜን ይዤ ቁጥር ያልጻፍኩበት ወንበር፣ ጠረጴዛና ቁምሳጥን አልነበረም። እንዲያውም አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን ወንበር ላይ ጥለው ለስብሰባ ወጡ፤ ሲመለሱ ኮቱ ጀርባው ላይ ቁጥር ወጥቶለት ጠበቃቸው።

«አስናቀው፣ ይሄ እኮ የግሌ ኮት ነው!» ሲሉ ጮኹ።

«የተሰረቀ ዕለት ያመሰግኑኛል» አልኳቸው።

አልተሰረቀም። ቁጥር የተጻፈበትን ኮት ማን ይለብሰዋል? እሳቸውም አልለበሱትም። መመሪያዬ አንድ ናት፦ ያልተጻፈበት ንብረት የሌባ ነው። ይህች መመሪያ ለእህቴ ምን ያህል እንደጠቀመቻት አሁን ይታያል።

ሥርጉት ስድስት ዓመት አረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ላቧን ወርቅ አድርጋ ልትመለስ ሆነ። አንድ ሐብልና ሁለት አምባር። ጌጡ ለአንገት አልነበረም። «እሱ ዳቦ ቤቴ ነው» ትል ነበር በስልክ። መናኸሪያው አጠገብ ቤት ተከራይታ፣ የዳቦ ምድጃ ተክላ፣ ሁለተኛ የሰው ቤት ሳታይ ልትኖር። በአጭሩ የእህቴ ስድስት ዓመት ያለፈውም፣ ገና የሚመጣው ዕድሜዋም፣ በመዳፍ በሚያዝ አንድ ቀይ ሳጥን ውስጥ ነበር።

የቤቱ ታላቅ ነኝና አዲስ አበባ ድረስ ወርጄ ልቀበላት ወሰንኩ።

«አትድከም ጋሼ፣ ለብቻዬ እመጣለሁ» አለችኝ።

ይሉኝታ ነው። እኔን የመሰለ አጃቢ ማን ይጠላል? ሄድኩ። ከዚያ እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ይዣት በረርኩ። ትኬቱን የቆረጠችው እሷ ናት፤ ሆኖም በመስኮቱ በኩል የተቀመጥኩት እኔ ስለነበርኩ ይዤያት በረርኩ ማለት ይቻላል።

የምንበርበት ቀን ጠዋት፣ ካረፍንበት ቤት ሳንወጣ፣ ሻንጣዋን መረመርኩት። ትልቅ ነው፣ ቢጫ ነው፣ ያማረ ነው። ነገር ግን ራቁቱን ነው! አንድ ፊደል እንኳ የለበትም። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሰው ልብ ይህን ችሎ አያልፍም። ከኮቴ ኪስ ማርከሬን መዘዝኩና በደማቁ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦

«የወ/ሪት ሥርጉት ንብረት። መድረሻ መካነ ሰላም። ወርቅ አለበት፤ በጥንቃቄ ይያዝ። ቁልፉ በወንድሟ በአቶ አስናቀው እጅ ይገኛል።»

ከሥሩ ስልኬን አኖርኩ። ማኅተም ስላልነበረኝ የሻይ ብርጭቆ ደፍቼ በዙሪያው ክብ አወጣሁና መሐሉ ላይ ፈረምኩ።

ሥርጉት ፊቷን ታጥባ ስትመለስ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥንቃቄ።»

«ወርቅ አለበት ብለህ ጻፍክ?»

«ታዲያ ሽንኩርት አለበት ልበል? ሽንኩርት ብል አንስተው ይወረውሩታል።»

ጣቷን ምራቅ አስነክታ ፊደሉን አሸት አሸት አደረገችው።

«በከንቱ አትልፊ» አልኳት። «እኔ የጻፍኩት ወንበሩ ይሰበራል እንጂ ጽሑፉ አይለቅም።»

ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። በአድናቆት ነበር። ከዚያ ረጋ ብላ፣ «እስቲ ቁልፉን አንዴ ስጠኝ፤ የእቴቴን የዓይን መድኃኒት በእጄ ልያዘው» አለችኝ። እቴቴ እናታችን ናት። ሰጠኋት። በሩን ዘግታ ብዙ ቆየች፤ መድኃኒቱ ከታች ገብቶ ይሆናል። ኋላም ሻንጣውን ቆልፋ ቁልፉን መለሰችልኝ። ይህን ትንሽ ነገር የጻፍኩት ምን ያህል ዝርዝር አዋቂ እንደሆንኩ ለማሳየት ብቻ ነው፤ አንባቢ አልፎት ይሂድ።

አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ሻንጣው ሚዛን ላይ ወጣ። ልክ ሃያ ሦስት ኪሎ። ሚዛኑ ዘንድ ያለው ልጅ ጽሑፉን አንብቦ ቀና አለ።

«አባቴ፣ ወርቅ እኮ በእጅ ነው የሚያዘው። በሻንጣ ተልኮ ቢጠፋ ኃላፊ የለውም።»

«በእጄ ብይዘው የት ላይ ልጽፍበት ነው?» አልኩት።

ሥርጉት ከኋላዬ፣ «ግድ የለም ወንድሜ፣ ይለፍ» አለችው። በእኔ መተማመኗ ልቤን ነካው። ሻንጣው ደረቱን፣ ማለትም ጽሑፉን፣ ወደ ላይ አድርጎ በሚሄደው ጎማ ላይ ተንሸራቶ ገባ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ሃሎ፣ አቶ አስናቀው የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» ትሑት የወጣት ድምፅ።

«አዎን፣ እኔው ነኝ።»

«ቢጫ ሻንጣ ላይ ስልክዎን አግኝቼ ነው። ወርቅ አለበት የሚለው እውነት ነው?»

ደሜ ፈላ። «ስማ ልጄ! እኔ ሐሰት ጽፌ አላውቅም። ሃያ አንድ ካራት ነው!»

«ኧረ ጥርጣሬ አይደለም ጋሼ፣ ለጥንቃቄ ብዬ ነው። ታዲያ ከላይ ነው ከታች? እንዳይጎዳ ነው።»

«በቀይ ሳጥን፣ ከልብሱ ሥር፣ በስተቀኝ።»

«ይመችዎት ጋሼ። መልካም በረራ።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥርጉት ዞርኩና፣ «አየሽ? ጽሑፍ ማለት ይህ ነው። እየደወሉ ያጣራሉ። በአገራችን እንዲህ ያለ አገልግሎት አለ ብል ማን ያምነኛል?» አልኳት። ሥርጉት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች።

ኮምቦልቻ ወረድን። ሻንጣው መጣ። ቁልፉ ያለ አንዳች ጭረት በቦታው ተንጠልጥሏል፤ እሱ እስከ መጨረሻው በታማኝነት አገልግሏል። የከዳው ዚፑ ነው። በጎኑ እንደ በሰለ ባቄላ ተፈልቅቆ፣ ልብሱ ተተራምሶ፣ ቀይ ሳጥን የሚባል ነገር የለም። የሰረቀው ሰው ሙያተኛ ነው፤ በስተቀኝ በኩል ብቻ ነው የፈተሸው።

እኔ ጮህኩ፣ ደረቴን ደቃሁ፣ መሬት ላይ ልቀመጥ ብዬ ሱሪዬ አዲስ መሆኑ ትዝ ብሎኝ ተውኩት። ሥርጉት ግን አላለቀሰችም። ኀዘኑ ጥልቅ ሲሆን እንባ እንኳ መውጫ ያጣል።

«ተወው ጋሼ፣ እንሂድ» አለችኝ። «በጤና ገብተናል፣ አልሐምዱሊላህ።»

አንባቢ አረብ አገር ስለቆየች ነው እንዳይል፤ ወሎ ውስጥ አልሐምዱሊላህ ለማለት ፓስፖርት አያስፈልግም።

ልተወው? እኔ? በቀጥታ የጠፋ ዕቃ ወደሚመዘገብበት ጠረጴዛ ገሰገስኩ። አንዲት ወጣት ቅጽ ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ምን ጠፋብዎት አባቴ?»

«ታሪክ!» አልኩ። «ከመቅደላ ወዲህ ከዚህ አገር እንዲህ ያለ ሀብት ተዘርፎ አያውቅም።»

«ይቅርታ፣ የተነሡት ከአዲስ አበባ መስሎኝ?»

«አንቺ ጻፊ። ወርቅ።»

«ስንት ግራም?»

ግራም! የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ሀብት በግራም ይጠየቃል? የመቅደላውን ሀብት ለመጫን በቅሎ አልበቃ ብሎ ዝሆን ተሰልፏል፤ የእኛን በግራም ብናገር አባቶቼ ምን ይሉኛል? ሥርጉት እጅጌዬን ጎተተችኝ። ያ ጉተታ «አትፍራ፣ በርታ» የሚል መሰለኝ።

«ሁለት ኪሎ» አልኩ።

ልጅቱ ብዕሯን አስቀመጠች። ሻንጣውን ሚዛን ላይ አስወጣችው፣ ወረቀቷን አገላበጠች።

«ሲነሣ ሃያ ሦስት ኪሎ ነበር። አሁን ሃያ ሁለት ኪሎ ተኩል ነው። ሁለት ኪሎ ወጥቶ እንዴት ግማሽ ኪሎ ብቻ ቀነሰ?»

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው በቅጽበት ይዘጋጃል። «ሌባው በምትኩ ድንጋይ ከቶበታል።»

«ድንጋዩስ የት አለ?»

«እሱን ደግሞ ሌላ ሌባ ወስዶታል።»

ልጅቱ አጎንብሳ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ጽሑፉን አየች። «ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ራሴ» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችው። ባልደረቦቿንም ጠራች፤ አንድ በአንድ እየመጡ አነበቡ። አንደኛው ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ግድግዳ ተደገፈ፤ በሰው ኀዘን እንዲህ የሚሰበር ሠራተኛ አይቼ አላውቅም። «ለሥልጠና እንጠቀምበታለን» አለችኝ ልጅቱ። እነሆ የእጄ ጽሑፍ ከዚያች ቀን ጀምሮ የማስተማሪያ ሰነድ ሆኗል።

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የወሰደን አሕመድኑር ነው። አሕመድኑር የሚኒባስ ሹፌርና አብሮ አደጌ ሲሆን አንድ መጥፎ አመል አለው፤ መሪ በጨበጠ ቁጥር ሰዓት ይጠይቃል።

«አስናቀው፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ሰዓት የሚያስር ሰው አለቃ ያለው ነው» አልኩት። ክንዴ ባዶ የሆነው በድህነት እንዳይመስለው ነው።

መንገዱን ሙሉ ተረኩለት። አቀስታ ስንደርስ ወርቁ ሦስት ኪሎ ሆኖ ነበር፤ የአቀስታ ብርድ ላይ ነገር ሁሉ ይከብዳል።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አለ አሕመድኑር በመስታወቱ ሥርጉትን እያየ። «አብሽሪ እህቴ፤ አላህ የተሻለ ይተካልሽ።»

«አሚን» አለች ሥርጉት። እጇ ወገቧ ላይ ነበር። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ወገብ ያማል።

እዚህ ላይ የአገሩን ወግ ላስረዳ። ከአረብ አገር ሰው ሲመጣ ሕዝቡ እንኳን ደህና ገባሽ ሊል ይመጣል። አፉ እንኳን ደህና ገባሽ ይላል፣ ዓይኑ አንገት ላይ ነው። አንገት ላይ ያየውን ይዞ ቤቱ ይገባና በነጋታው የጎደለውን ይዞ ይመለሳል፤ አንዱ ለልጁ ሠርግ፣ አንዱ ለቆርቆሮ። ሰጥተው ያልጨረሱ ተመላሾች አላውቅም፤ ጨርሰው ተመልሰው የሄዱ ግን ብዙ አውቃለሁ። እኛም ቤት ገና ከመድረሳችን አጎታችን ሙላው ከኩታበር ድረስ መጥቶ ተቀምጦ ነበር። ስለ በሬ ነው የመጣው።

እኔ ግን በር ላይ ቆሜ ለተሰበሰበው ሕዝብ ንግግር አደረግሁ። «የተከበራችሁ ወገኖች፣ ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ መሠረት...» ብዬ ጀመርኩ፤ ከላይ የተጠቀሰ ነገር ስላልነበረ ሰማይ ሰማይ አዩ። ዚፑን ገልጬ አሳየሁ። አምስት ኪሎ ላይ ስደርስ ሴቶቹ አለቀሱ።

እዚያው ነገሩ ተገለበጠ። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ሊያጽናና ተቀመጠ። መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ፣ «ብል የማይበላውን ሀብት ያድልሽ» ብለው መረቁ፤ ሼህ አህመዲን ዱዓ አደረጉ፤ ሁላችንም በሁለቱም አሜን አልን። ጎረቤታችን ፋጢማ አንድ ቁና ስንዴ ይዛ መጣች። የፋጢማን ያየች ሁለት ቁና አመጣች። በሦስተኛው ቀን ጓዳችን ውስጥ አምስት ጆንያ ስንዴ ቆመ። አጎቴ ሙላውማ በኀዘን አንገቱን ደፍቶ፣

«እኔ እንኳ ስለ በሬው ነበር አመጣጤ...» አለና ሥርጉትን አይቶ ተወው። ከጉያው አንድ ማሰሮ ማር አውጥቶ አስቀመጠላት። «ቅቤውን ደግሞ እልካለሁ ልጄ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አጎቴ» አለች ሥርጉት፤ ማሩን ተቀብላ ጓዳ አስገባችው። ይህን ሁሉ ያመጣው የእኔ አንደበት መሆኑን መግለጽ ትሕትናዬ አይፈቅድም፤ ገልጫለሁ።

ከዚያ በብዕር ዘመትኩ። ለአየር መንገዱ አሥራ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ለሚመለከታቸው ሁሉ ግልባጭ አደረግሁ፣ ለማይመለከታቸውም እንዲሁ። በሁለት ወሩ መልስ መጣ። «ክቡር አቶ አስናቀው» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በታች ያለው ዝርዝር ነው፤ ወርቅ በሻንጣ መላክ ክልክል ስለመሆኑ፣ ክብደቱ ስላለመመጣጠኑ፣ ስለ ድንጋዩ ማስረጃ ስላለመቅረቡ። ደብዳቤውን በፍሬም አስገብቼ ሰቀልኩት፤ ሰው ሲመጣ «ክቡር» የሚለውን በጣቴ አሳየዋለሁ።

በአራተኛው ወር ሥርጉት መናኸሪያው አጠገብ ዳቦ ቤት ከፈተች። ምድጃው አዲስ ነው፣ ሊጥ ማቡኪያው ማሽን ነው፣ ቤቱ የአራት ወር ኪራይ ተከፍሎበታል። በምን ተከፈተ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ትልቅ ሰው ፍሬ ነገሩን ያያል እንጂ አይዘረዝርም። ለጠየቀኝ ሁሉ ግን «ካሳ ነው፤ በማመልከቻዬ የተገኘ» እላለሁ። የበሩን ታፔላ የጻፍኩትም እኔ ነኝ፦ «ሥርጉት ዳቦ ቤት። የንብረት ቁጥር 001።» ባለፍሬሙን ደብዳቤም ከቤት አምጥቼ ግድግዳዋ ላይ ሰቀልኩት።

ባለፈው ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ዳቦ ቤቱ በሰው ሞልቷል። አሕመድኑር ሊነሣ ነው፤ ለመንገዱ ዳቦ ይገዛል። አንድ የአቀስታ ነጋዴ አብሮት ስለነበረ ታሪኩን እንደ አዲስ ተረኩለት። ወርቁ ያን ቀን ሰባት ኪሎ ደርሶ ነበር። ነጋዴው አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ሰባት ኪሎ!» አለ። «ኧረ በስመ አብ! እውነት ነው?»

«ምስክሬ ይቻት» አልኩ ወደ ሥርጉት እያመለከትኩ። «ትናገር።»

ሥርጉት ትኩስ ዳቦ ከምድጃው እያወጣች ነበር። ስምንት ወር ዝም ያለች ሴት ያን ቀን ለምን እንደተናገረች ዛሬም አልገባኝም። ምናልባት የአራት ወሩ ኪራይ ስላለቀና የሚቀጥለውን ከዳቦው ራሱ ስለከፈለችው ይሆናል።

«ጋሼ» አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ።

«አቤት፣ ተናገሪ!»

«ወርቁ እኮ ሻንጣው ውስጥ አልነበረም።»

አሕመድኑር ማኘኩን አቆመ።

«አንተ በማርከር የጻፍክበት ጊዜ ቁልፉን ተቀበልኩህ። ሐብሉንም አምባሮቹንም በመቀነት ወገቤ ላይ ታጥቄ ነው የመጣሁት። ይኸውልህ» አለች በአገጯ ወደ ምድጃው እያመለከተች፤ እጇ ዱቄት ነበር።

ነጋዴው ምድጃውን አየ። እኔ በግድግዳው ላይ ክቡር የሚለውን ቃል አየሁ።

«ታዲያ ሌባው ሳጥን ሙሉ ምን ወሰደ?» አለ አሕመድኑር።

«የጋሼን ሰዓት። ለእሱ ብዬ የገዛሁለት ነበር፤ አገር ቤት ሲደርስ ይየው ብዬ ሳጥኑ ውስጥ ተውኩት። ከባድ ነበር፣ ጥሩ ሰዓት።» ትንሽ አሰበች። «እሱ ቆጭቶኛል።»

ሳላስበው የግራ ክንዴን ከጀርባዬ ደበቅሁት። ከዚህ ሁሉ ዘረፋ አንድ የተዘረፈ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ ሌባውንም በስልክ መንገድ ያሳየሁት እኔው ነኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«ሥርጉት» አልኩ፣ «እኔ ታላቅ ወንድምሽ! ስምንት ወር ሙሉ! እንዴት ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?»

የነጋዴውን ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችው፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ብነግርህማ» አለች በለሆሳስ፣ «በሩ ላይ ትጽፈው ነበር።»